የትከሻ ሹሙ መጋረጃ

ከበሮ መቺ ነበርኩ። አሁን አይደለሁም፤ የምነግራችሁም ለምን እንዳልሆንኩ ነው። የአገሬን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ "እኛማ እንደዚያ አይደለንም" ብላችሁ ታልፉታላችሁ፤ ስለዚህ ሳይነገር ይቅር።

በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት ልጁ ይጨፍርለታል። ለቅሶው እንደማንኛውም አገር ለቅሶ ነው፤ ይጮሃል፣ ደረት ይመታል፣ ንፍሮ ይበላል። አስከሬኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ጸጥ ይልና ከበሮ ይመታል፣ የሟቹም ልጅ ወጥቶ መሸኛውን ይወርዳል። ልጅ የሌለው እንደሆነ ያሳደገው ወይም ያስተማረው ይወርድለታል። መሸኛ የትከሻ ጭፈራ ነው። ከባድ ሸክም ከሰው ጀርባ ተቀብሎ ቀስ ብሎ መሬት እንደማስቀመጥ ነው፤ ከግራ ትከሻ ይነሳል፣ ደረት ላይ ይወርዳል፣ አንገት ላይ ያልቃል። ልጁ በደንብ ከወረደው ከበሮ መቺው የመጨረሻዋን ምት መትቶ የሟቹን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሕዝቡም ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ስም ከተማው ውስጥ ይኖራል። ለልጅ ይወጣል፣ ይማልበታል፣ ገበያ ላይ ይነሳል። ያልተወረደለት ሰው ስም ግን አይጠራም። አይጠራም ስላችሁ አይጠራም ነው። ሚስቱ እንኳ "ያ ሰውዬ" ነው የምትለው፤ ቆይቶ እሱም ይቀራል።

እኔ ራሴ መሸኛ አልችልም። ከበሮ መቺ ከልጅነቱ ጀምሮ ትከሻውን እንዳያነቃንቅ ነው የሚያድገው፤ እጁ ትከሻውን ተከትሎ እንዳይበላሽ ይባላል። የሚወርደውን ግን አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ትከሻ ነው፤ ሰው በፊቱ ሳይሆን በትከሻው ነው የማውቀው።

መሸኛ የሚማሩበትን ውዝዋዜ ቤት የያዘችው አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ምክንያቱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሳቋ ከቁጣዋ የማይለይ ሴት ናት። ስታስተምር ብዙ አታወራም። መዳፏን ጀርባህ ላይ፣ ትከሻህ ከሚነሳበት አጥንት ላይ ታስቀምጥና "እዚህ ነው ያለው፤ ከዚህ ተነስ" ትልሃለች። ተማሪው ያን ጊዜ ትከሻውን ያገኘዋል። ወንዱም ሴቱም እንዲሁ ነው የተማረው። ባለቤቴ የውብዳርም ከእሷ ነው የተማረችው፤ ለአባቷ ስትወርድ መጨረሻ ላይ አንገቷን ሰበር አድርጋ ስታበቃ አይቼ ነው እኔም ከበሮዬን ትቼ ሽማግሌ የላክሁት።

ያ ዓመት የውብዳር የታመመችበት ዓመት ነበር። ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር በቀለ። መድኃኒተኛው አየና እኔን ወደ ደጅ ጠርቶ "ክረምቱን አትሻገርም" አለኝ። እሷም በመስኮት ሰምታው ኖሮ ስገባ "ትርሲት መሸኛ ትጀምር እንጂ፣ አጥናፉ፤ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ። ትርሲት አንድ ልጃችን ናት። እናቷ ከመሞቷ በፊት መሸኛውን መቻል አለባት፤ ካልቻለች የውብዳር የሚባል ሰው አልነበረም ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

በማግስቱ ልጄን ይዤ ውዝዋዜ ቤት ስሄድ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጉድ ፈልቶ ጠበቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደምሰው የሚባል የጨው ነጋዴ አባቱ ሞቶ መሸኛ ወረደ። ቆንጆ አድርጎ ነው የወረደው፣ ከበሮውን የመታሁት እኔ ነኝ። ከሕዝቡ መሃል ግን አንድ ሰው "እንደ ሴት ወረደው!" አለ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ሙገሳ መስሎኝ ነበር። ደምሰው ግን ቤቱ ገብቶ መስታወት ፊት ቆሞ ትከሻውን ሲያይ ሰነበተና ወደ ትከሻ ሹሙ ሄደ።

ከተማችን ለትከሻ ሹም አላት። ለእግርም ነበራት፤ እግር ብዙ ክርክር ስለማያስነሳ ሹመቱ ታጠፈ። የትከሻ ሹሙ ወፍራም፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ሲጨፍር ያየው ሰው የለም፤ ሹመቱም የተሰጠው ለማንም እንዳያዳላ ተብሎ በዚሁ ምክንያት ነው።

"ጌታዬ፣ ሴት ስላስተማረችኝ ትከሻዬ የሴት ሆኖብኛል" አለው ደምሰው።

"እስቲ ዙር" አለው ሹሙ። ዞረለት። ጀርባውን ሲያይ ቆየና "ከባድ ጉዳይ ነው" አለ፤ ወዲያው ውዝዋዜ ቤቱን ዘግቶ ጉባኤ ጠራ።

ጉባኤው ላይ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ቀረቡ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የአስተማሪህ ወንድ ወይም ሴት መሆን ለአንተ ለውጥ ያመጣል ወይ? አንዷ ልጅ "ኧረ ምንም!" አለች። ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ "ምንም ካለች አላሰበችበትም ማለት ነው" አለና መለሳት። ሁለተኛዋ "እኔ ከሴት ጋር ስሆን አላፍርም፣ ይቀለኛል" ስትል "ይቺ ተመክራ ነው የመጣችው" ተባለች። አንዱ ደግሞ "ለእኔ ዝላዩን ወንድ፣ ትከሻውን እትዬ ቢያስተምሩኝ ነው ደስ የሚለኝ" አለ። "ይሄ ሁለት ቦታ ቆሟል" ብለው አስወጡት። ከሁሉም የተመሰገነው አፉን ያልከፈተው ልጅ ነበር፤ ምራቁን የዋጠ ተብሎ ተጨበጨበለት።

በመጨረሻ እትዬ ተነሳች። "ለአንዳንዱ ለውጥ አለው፣ ለአንዳንዱ የለውም። ልጆቹን ጠይቋቸውና ሁሉም ከሚቀለው ጋር ይማር። እኔ የማውቀው ይሄንን ነው" ብላ ተቀመጠች። ሕዝቡ ቀሪውን ንግግር ሲጠብቅ ቆየ። ቀሪ እንደሌለ ሲያውቅ ሳቀባት። እኔም ከበሮዬን ታቅፌ ልጄን ብብቴ ስር አድርጌ ቆሜያለሁ፤ የማስበው የውብዳርን ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲስቁ ቀኑ ይሄዳል እያልኩ እቃጠላለሁ።

ከዚያ ወንድ አስተማሪ ተፈለገ። ማንያህልሃል የሚባል ሸማኔ ነበር፤ መላጣ፣ ጨዋ፣ ጨፋሪ። እሱ መጣና ወንዶቹ ወደ እሱ፣ ሴቶቹ ወደ እትዬ ተመደቡ። ይሄስ ደህና ነበር። ግን እናቶች ተነሱ። "ልጃችን ለእኛ ለእናቶቹ ነው የሚወርደው፤ የእናት መሸኛ ከሴት ካልተማረ እንዴት ይሆናል?" አሉ። አባቶች ደግሞ "ሴቶች ልጆቻችንስ ለእኛ ለአባቶች አይደል የሚወርዱልን?" አሉ። ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበና ፈረደ፤ እናቱ ቀድማ የምትሞትበት ልጅ ከሴት፣ አባቱ ቀድሞ የሚሞትበት ከወንድ ይማር፤ ወላጆችም ማን ቀድሞ እንደሚሞት ተነጋግረው ያሳውቁ ተባለ። ወይ ጉድ! ያን ሰሞን በየቤቱ የነበረው ጠብ ለጉድ ነው። ባልና ሚስት "አንቺ ቅደሚ" "አንተ ቅደም" ሲባባሉ ከመንገድ ይሰማል። ከተማው ውስጥ ጸጥ ያለ ቤት የእኔ ቤት ብቻ ነበር። የውብዳር አልጋዋ ላይ ሆና "እኛስ ተገላገልን" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ትርሲት የተማረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለጥቂት ቀን እትዬ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አስቀመጠች፤ የልጄም ግራ ትከሻ ነቃ ሲል በዓይኔ አየሁ። ለእናቷ ነገርኳት። "ነቃ?" አለችኝ። "ነቃ" አልኳት። ያን ቀን ምግብ ቀመሰች።

ሰላሙ አልቆየም። "ትቀድማለች" የተባለች አንዲት እናት ተሽሏት ባሏ ድንገት ሞተና ልጁ ከሴት የተማረውን ለአባቱ ወረደ። ከተማው ታመሰ። ያን ጊዜ ነው የትከሻ ሹሙ ለዘለቄታው የሚሆን መፍትሔ አገኘሁ ያለው። የአስተማሪው ጾታ እንዲህ የሚያጣላ ከሆነ አይታወቅ። ውዝዋዜ ቤቱ መሃል ላይ ከጣሪያ የሚወርድ አቡጀዲ መጋረጃ ይሰቀል፤ እትዬና ማንያህልሃል እየተለዋወጡ ከጀርባው ሆነው ያስተምሩ፤ በየትኛው ቀን ማን እንዳለ ማንም አይወቅ፣ ለማወቅ የሞከረም ይባረር። አስተማሪውም ከእንግዲህ "እሳቸው" ነው የሚባለው፤ ወንዱም ሴቷም በዚህ ይጠለሉ ተባለ። ዕድሜ ልኬን አንቺ ስላት የኖርኩትን ሴት እሳቸው ማለት ጀመርኩ፤ አንደበቴ እስኪለምደው ፍዳዬን አየሁ።

መጋረጃው ተሰቀለ። መጀመሪያ ከስር እግራቸው ይታያል ተባለና እስከ ወለሉ ወረደ። ድምፃቸው ይለያል ተባለና እንዳይናገሩ ተከለከሉ። መዳፍም የሴት ወይ የወንድ መሆኑ ያስታውቃል ተብሎ መንካት ቀረ። ከጀርባ ባለው መስኮት ፀሐይ ሲገባ ጥላቸው ይወጣል ተባለና ሁለተኛ አቡጀዲ ተደረበበት። ቀጥሎ አንዷ እናት "የራስ ቅቤ ይሸታል፣ ዛሬ ሴትዮዋ ናት" ብላ ከሰሰች፤ ስለዚህ ማንያህልሃልም ቅቤ እንዲቀባ ታዘዘ። ያ ምስኪን ሰው በመላጣው ላይ ቅቤ እየቀባ፣ እየቀለጠ ዓይኑ ውስጥ እየገባበት ለማንም የማይታይ ጭፈራ ይጨፍር ነበር።

ተማሪዎቹ ከመጋረጃው በዚህ በኩል በተርታ ይቆማሉ። እኔ ጥግ ላይ እመታለሁ። ከጀርባ አስተማሪው ሲወርድ አቡጀዲው ነካ ነካ ይላል፣ አንዳንዴም ያብጣል፤ ልጆቹ እሱን እያዩ ይማራሉ። ምን ይማራሉ ብትሉኝ እኔ ምን አውቄ! አቡጀዲው ሲያብጥ ደረታቸውን ያሳብጣሉ፣ ሲሸበሸብ ይሸበሸባሉ። ትርሲት ከሁሉም ትጉህ ናት። ዓይኗን አትነቅልም። ሌሎቹ ሲሰለቹ እሷ "እማዬ እኮ ጊዜ የላትም" እያለች ትቆያለች። ላስቀራት እፈልግ ነበር፤ ግን ከሹሙ ፊት ያልተማረ ልጅ ቢወርድም አይቆጠርለትም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ምን ላድርግ?

ማንያህልሃል አልቻለም። አንድ ቀን ቅቤውን ከግንባሩ ጠረገና "እኔ ሽመናዬ ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ ጨርቁ የሚሠራው እኔ ያዘዝኩትን ነው" ብሎ ሄደ።

አሁን እትዬ ብቻ ቀረች። ሹሙ ጉዳዩን አጠናው። አስተማሪው አንድ ብቻ ከሆነና እሷም ሴት ከሆነች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሴት እንዳለች ይታወቃል፤ ይህ ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ሌላ ወንድ እስኪገኝ እትዬ እንዳትገባ ተባለች። ትምህርቱ ግን አይቋረጥም ተባለ። ይሄንን ስትሰሙ ተሳሳተ ብላችሁ ይሆናል። አልተሳሳትኩም።

እኔ ተዘግቷል ብዬ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ መልእክተኛ መጣብኝ። ስደርስ ልጆቹ በተርታ ቆመዋል፤ ሹሙም ወንበሩ ላይ አለ። "ምታ እንጂ፣ አጥናፉ!" አለኝ።

"ማን አለ ጌታዬ?"

"እሱን መጠየቅ ክልክል ነው።"

መታሁ። አቡጀዲው ተንቀሳቀሰ። ልጆቹም ተንቀሳቀሱ። እረፍት ሲሆን ከበሮዬን የማስተካክል መስዬ ጫፉን ገለጥ አደረግሁ። ባዶ በርጩማና ክፍት መስኮት፤ ሌላ ምንም የለም። ነፋሱ ነበር ሲያስተምር የዋለው።

ሹሙን ለብቻው ይዤ "ጌታዬ፣ እዚያ እኮ ሰው የለም" አልኩት። እንደሚደነግጥ ነበር ያሰብኩት። ዓይኑን ጨፈነና "ታዲያ ምን ቀረን? ወንድም አይደለም፣ ሴትም አይደለም፣ አይከስም፣ አይከሰስም። ከመጀመሪያው ስንፈልገው የኖርነው አስተማሪ ይሄ ነው" አለኝ። ደስታው ከልቡ ነበር። ከበሮዬን ታቅፌ ወጣሁ።

ማታ ለትርሲት ነገርኳት። "ልጄ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማንም የለም። መስኮት ነው።"

ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። "አባዬ ምን ነካህ? ይሄ እኮ ማን እንዳለ ለማወቅ መሞከር ነው! ብባረርስ? የእማዬን ስም ማን ያስጠራል?" አለችኝና አለቀሰች። ምን ትላታላችሁ? እውነቷን ነው።

አላስችል ቢለኝ እትዬን ለመንኳት። እሷም ቤቷ ቁጭ ብላ ማሽላ ትለቅም ነበር፤ ሳልጨርስ ተነሳች። በጠራራ ፀሐይ ነው ይዣት የሄድኩት፤ ያየ ይይ ብዬ። የውብዳር ገና በሩ ላይ ስታያት ፊቷ በራ። "መጣሽ እትዬ? ይቺ ልጅ ግራ ትከሻዋ ነቅቶላት ነበር" አለቻት። እትዬ ጎንበስ ብላ ሳመቻትና ወደ ትርሲት ዞራ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አስቀመጠች። ልጄ እንደ ሳንቃ ደረቀች።

"ምነው ልጄ? ማን አስፈራሽ?"

"ይቅርታ እትዬ" አለች ትርሲት ወደ መሬት እያየች። "እንዳይነኩኝ። ከነኩኝ ይታወቅብኛል። ትከሻዬ የሴት ይሆንብኛል።"

"የሴት ልጅ ትከሻ የማን ሊሆን ነበር?" አለች እትዬ። በሌላ ጊዜ ይሄን ብላ ትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። መዳፏን አንስታ አየችው፤ ቆሻሻ ያለበት ይመስል በቀሚሷ ጠረገችው።

የውብዳር ከአልጋዋ ሆና ታያቸው ነበር። "በይ እስቲ፣ የተማርሽውን አሳዪኝ። ስሞት ላየው አልችልም፤ አሁን ልየው" አለቻት። እኔም በገበታው ላይ በጣቴ መታሁላት። ትርሲት መሃል ቤት ቆመች። ሁለቱን እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች። ደረቷ አበጠ፣ ቀስ ብሎ ሸሸ፣ ከራሷ እስከ እግሯ ሽብሽብ አለች፤ ደግሞ አበጠች። እውነት ለመናገር ምንም አላጎደለችም። ቀሚሷ ሳይቀር በልኩ ይርገበገባል። ሸክም የሚቀበል ትከሻ ግን የለም፣ የሚያልቅበት አንገት የለም። ልጄ አቡጀዲ ሆናለች።

ስትጨርስ እያለከለከች እናቷን አየቻት። የውብዳር ብርድ ልብሱን እስከ አገጭዋ ሳበች። "ነፋስ ገባ፤ መስኮቱን ዝጉልኝ" አለች።

"ዝግ ነው እኮ እማዬ" አለቻት ትርሲት።

እትዬ ደጅ ድረስ ስሸኛት "ተዋት፤ ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው" አለችኝና ሄደች።

የውብዳር ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ጠዋት ነበር፣ እጄን ይዛለች። የቀብሩ ዕለት ዝናቡ አባራ፤ ከተማው ሁሉ ወጣ። የትከሻ ሹሙ ከጉድጓዱ ራስጌ ቆመ። ከበሮ የሚመታልኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ለገዛ ሚስቴ እኔው መታሁ። ትርሲት ወጣች፣ እጆቿን ዘረጋች፣ ወረደችው። ወረደችው ልበል እንጂ ምን እላለሁ? ነፋስ የሌለበት ቀን ነው፤ እሷ ግን ትርገበገባለች። ላቧ ከእንባዋ ጋር አገጭዋ ላይ ይንጠባጠባል። ስትጨርስ ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ።

የመጨረሻዋ ምት በእጄ ናት። ካልመታሁ የውብዳር የምትባል ሰው አልኖረችም፤ ልጄም የእናቷን ስም ያስቀበረች ተብላ ትኖራለች። ከመታሁ ያ ነገር መሸኛ ነው ብዬ መሰከርኩ። ትርሲት ታየኛለች። ሕፃን ሳለች አንድ ነገር ሠርታ ወደ እኔ እንደምታየው ነው ያየችኝ። መታሁ። "የውብዳር!" ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ ተቀበለ። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረኝ ነገር የለም።

"አባዬ፣ ልክ ነበርኩ?" አለችኝ ስንመለስ።

"ልክ ነበርሽ የኔ እናት" አልኳት።

እትዬ ከቀብሩ ዳር ቆማ ነበር። ሰው ሲበተን ቀስ ብላ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። "አልፈርድብህም አጥናፉ፤ እኔም ብሆን እመታው ነበር። ግን አንድ ነገር ማልልኝ። እኔ ስሞት እንደዚህ የሚወርዱልኝ ከሆነ ስሜን እንዳትጠራ።"

"እንዴት እንዲህ ትያለሽ እትዬ? ከተማው ሁሉ የአንቺ ልጅ ነው!"

"ለዚህ ነው እኮ የምልህ" አለችኝ። ማልኩላት።

እሷም ብዙ አልቆየች። ምን እንደገደላት መድኃኒተኛው አላወቀም፤ ትከሻዋ ወድቆ ነበር፣ እኔ አይቻለሁ። ስትቀበር ልጅ ስላልነበራት ተማሪዎቿ ይውረዱ ተባለ። ቀድሞ በመዳፏ የተማሩት አዋቂዎች ሁሉ በመጋረጃው ፊት ትከሻቸውን እንዲያድሱ ሹሙ አስገድዷቸው ስለነበር የቀረ አሮጌ ትከሻ አልነበረም። ደምሰው ሳይቀር መጣ። በተርታ ቆሙ፣ እጃቸውን ዘረጉ። የመቃብሩ ሜዳ ልብስ የተሰጣበት ደጅ መሰለ። ሁሉም በአንድነት ያብጣሉ፣ በአንድነት ይሸበሸባሉ። አንድም ትከሻ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው የተማረው ከእሷ ነው፤ እሷ ግን አንዳቸውም ላይ የለችም።

ጨረሱ። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እጄን ከከበሮው ላይ አነሳሁ።

"ምታ!" አለኝ ሹሙ።

"አልመታም።"

"ጥራ እንጂ!" አለ ሕዝቡ።

ትርሲት ከተርታው ወጥታ መጣች። "አባዬ ጥራው እንጂ! አስተማሪያችን ናት! አሳድጋኛለች!" ብላ ከበሮውን በገዛ እጇ ልትመታ ሞከረች። እጇን ያዝኳት። "ምን አደረገችህ? ምን በደለችህ?" እያለች ደረቴን ትደበድበኛለች፤ ሰዉም ያያል። እትዬ ራሷ ለምናኝ ነው ብዬ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ብነግራት ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለችኝ ደግሞ ለእናቷ የወረደችውን ልነግራት ነው። ዝም እንዳልኩ አፈሩ ተመለሰ።

በዚያው ዕለት ከበሮውን ወሰዱብኝ። አሁን የሚመታው የደምሰው ወንድም ነው፤ ደህና ይመታል ይላሉ።

ዓመታት አልፈዋል። የእኔን የውብዳር ስም ለሕፃናት ያወጡታል፤ በእኛ ሰፈር እንኳ የውብዳር የምትባል ጨቅላ አለች፤ ስትጠራ በሰማሁ ቁጥር ቤት እገባለሁ። የዚያችን ሴት ስም ግን ማንም አያነሳውም። ውዝዋዜ ቤቱ ከመቼውም ይልቅ ተማሪ ሞልቶታል፤ ጠብ የለም፣ ክስ የለም። ትርሲት የመጋረጃው ኃላፊ ሆናለች። አቡጀዲው ሲቀደድ ትሰፋለች፣ ሲቆሽሽ ታጥባለች፤ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሄዳ ያንን መስኮት የምትከፍተው እሷ ናት። ለምን እንደምትከፍተው ጠይቃ አታውቅም።

በቀደም የተቀደደውን ይዛ መጥታ ከእግሬ ስር ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። ካኮረፈችኝ ወዲህ ብዙ አታወራም፤ ያን ቀን ግን ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና አለች።

"አባዬ፣ አስተማሪያችን ማን ነበር ስማቸው? እትዬ እትዬ ስንል ኖረን ጠፋብኝ እኮ።"

ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ለእትዬ ምያለሁ። ልጄን አየኋት፤ የእናቷ ዓይን፣ የእናቷ ግንባር። ትከሻዋን አየሁ።

"ነፋስ ገባ፤ መስኮቱን ዝጊልኝ" አልኳት።

ዘወር ብላ አየችው። "ዝግ ነው እኮ አባዬ" አለችኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።